የደብረ ሲናው ሆዳም፦ የአንድ አሮጌ የቁማር ማሽን ምርመራ

ማሽኑን ያገኘሁት ደብረ ሲና፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አሮጌ ቡና ቤት ጓዳ ውስጥ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍኖ ነው። የቤቱ እመቤት ሰማንያውን የተሻገሩ ሴት ናቸው። እትዬ እላቸዋለሁ፤ ሰፈሩም እንዲሁ ነው የሚጠራቸው። ከረጢቱን ገፈፍ አደረጉና ጀርባውን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው፣ «ይኸውልህ፣ ሆዳሙ» አሉኝ። ጠረጴዛ ላይ ለማውጣት ሁለት ሰው ፈለገ። ፊቱ የአሉሚኒየም ቅርጽ፣ ጎኖቹ እንጨት፣ በስተቀኙ ወፍራም የብረት እጀታ፣ ከመካከሉ ሦስት ሥዕል የሚያሳይ የመስታወት መስኮት አለው።

እኔ ደብረ ብርሃን የልብስ ስፌት መኪናና የግድግዳ ሰዓት እጠግናለሁ። የቁማር ማሽን ከዚያ ቀን በፊት ነክቼ አላውቅም። የጠራኝ የእትዬ የልጅ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ የሲንጀር ቁጥር አይተህ መቼ እንደተሠራ የምትናገር አንተ አይደለህ? ይህም ያው ብረት ነው» አለኝ። ገዢ ተገኝቷል። ውጭ አገር የሚኖር ሰብሳቢ ፎቶግራፉን አይቶ ሦስት ጥያቄ ልኳል። ፊቱ ከፋብሪካ የወጣው ነው ወይስ በኋላ ተመሳስሎ የተቀረጸ? ውስጡና ሳጥኑ ከመጀመሪያው አብረው የነበሩ ናቸው? ገንዘብ መቀበያው ተነክቷል? ሁሉም እንደወጣ ከሆነ አንድ ዋጋ፣ ከተነካካ የዚያው ግማሽ።

እትዬ ግን የራሳቸው ጥያቄ ነበራቸው። ልጁ ቡና ሊያስመጣ ሲወጣ ጠብቀው ነው የነገሩኝ። ማሽኑ ቡና ቤቱ ውስጥ በሠራባቸው ዓመታት ትልቁን ዕጣ ያገኘ አንድም ሰው የለም። ቁልፉን የሚይዙት ሟች ባለቤታቸው ስለነበሩ፣ «አንድ ነገር ሳያደርግበት አይቀርም» እየተባለ ሲታማ ኖረ። ያኔ ደመወዙን ያስበላ አንድ ጎረቤት ዛሬም ድረስ በየሰንበቴው ጠላ ሲቀዳ ነገሩን ያነሳባቸዋል። በቀልድ ነው ይላሉ። ቀልዱ ግን ሟቹ ካረፉም በኋላ አልቆመም። «የዋጋውን ነገር ለልጁ ተውለት። እኔ የምፈልገው ሰውዬው ነክቶት እንደሆነ እንድታይልኝ ነው» አሉኝ።

ስለ ማሽኑ ዘር ጥቂት ልበል። ሥዕል የተለጠፈባቸው ሦስት መዘውሮች ያሉትን የቁማር ማሽን ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የሠራው ቻርልስ ፌይ የተባለ፣ ከጀርመን የሄደ መካኒክ ነው። ጊዜው እኛ አድዋ ላይ የነበርንበት ግድም ነው። ቺካጎ የነበረው ሚልስ ኖቬልቲ ኩባንያ ንድፉን ወስዶ በብዛት አወጣው። ሕግ ሲከለክል ማሽኖቹ ማስቲካ ሻጭ መስለው ቀረቡ፤ መዘውሮቹ ላይ ያሉት የሎሚ፣ የብርቱካንና የፕሪም ሥዕሎች የዚያ ዘመን ቅሪት ናቸው። የእትዬ ማሽን የሚልስ ሥራ ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በኋላ ከወጡት፣ «ብላክ ቼሪ»፣ ማለትም ጥቁር ቼሪ፣ ከሚባሉት።

ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር የለበትም። እጀታው ሲሳብ ሞላዎቹ ይወጠራሉ፤ ሲለቀቅ መዘውሮቹ ይፈተለካሉ። እንደ ሰዓት ቲክ ቲክ የሚል ባለ ክንፍ መቆጣጠሪያ ጊዜ እየጠበቀ ሦስት ማቆሚያ ክንዶችን ተራ በተራ ይጥላል። በእያንዳንዱ መዘውር ጎን 20 ጎድጓዳ ያለው ጥርሳም ጎማ አለ፤ ክንዱ የገባበት ጎድጓዳ ላይ መዘውሩ ቀጥ ይላል። 20 በ20 በ20 ሲባዛ 8,000 ዓይነት አቋቋም ይሆናል። ቁጥሩን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ደብረ ሲና እንዴት ደረሰ? እትዬ እንደሚሉት ጃንሆይ ሊወርዱ ሁለት ዓመት ሲቀራቸው፣ ከአሥመራ ወደ አዲስ አበባ የሚመላለስ የኤንትሬ ሾፌር መኪናው የጣርማ በርን ዳገት ሳይጀምር ተበላሸበት። መለዋወጫ እስኪመጣለት ሁለት ሳምንት በልቶ ጠጥቶ ተኛ። ሒሳቡ ሲደመር እጅ አጠረውና ከጭነቱ መሃል ይህንን አውርዶ ሰጠ። «አሥመራ ከአሜሪካኖቹ ሰፈር የወጣ ነው» አላቸው። የአሜሪካ ጦር የመገናኛ ሰፈር ቃኘው እ.ኤ.አ. ከ1943 እስከ 1977 አሥመራ ነበር። አሜሪካ በ1951 ባወጣችው ሕግ እንዲህ ያሉ ማሽኖች በአገሯ ውስጥ ካሉ የጦር ሰፈሮች ሲወጡ፣ በውጭ አገር ባሉ ክበቦች ቆዩ። ምድር ጦሩና አየር ኃይሉ ከውጭ ክበቦቻቸው ያስወጧቸው በ1972 ነው፤ በእኛ 1964 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ታሪኩ ይገጥማል። ሒሳብ ያቃተው ሾፌር የሚያወራው ታሪክ ግን መቼ ሳይገጥም ቀርቶ ያውቃል?

ሥራውን የጀመርኩት ልጁን ከላምባው በማራቅ ነው። ጨርቅና ላምባ ይዞ ሊያጥበው ቆሞ ነበር። አሮጌ ዕቃ ከመመርመሩ በፊት ከታጠበ ምስክሩ ሁሉ አብሮ ይፈሳል፤ የስፌት መኪና ሲመጣልኝም ባለቤቶቹን የምለምነው እንዳያጸዱት ነው። ቅባት የት እንደደረቀ፣ አቧራ የት ሳይደርስ እንደቀረ፣ ዝገቱ በየትኛው ብሎን ዙሪያ ቀለበት እንደሠራ ማየት አለብኝ።

ፊቱ ቀላሉ ነበር። የሚልስን ፊት ከዋናው ላይ ሻጋታ ወስደው አስመስለው የሚያቀልጡ አሉ። አሉሚኒየም ግን ቀልጦ ሲቀዘቅዝ ከመቶ አንድ እጅ በላይ ይኮማተራል፤ ስለዚህ ከዋናው ላይ ተወስዶ የተቀረጸ ፊት ከዋናው ያንሳል። 30 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ርዝመት ላይ ልዩነቱ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ስለሚጠጋ በተራ ማስመሪያ ይያዛል። ገዢው እጁ ላይ ካለው ሌላ ማሽን የሁለት ብሎን ቀዳዳዎችን ርቀት ለክቶ ላከልን። የእኛም ያው ሆነ።

ቀለሙ ግን ከፋብሪካ የወጣው አልነበረም። ፊቱ ላይ በቅጠል መሃል የተንጠለጠሉ ክብ ክብ ፍሬዎች አሉ፤ ቼሪ ናቸው። የእኛዎቹ ደማቅ ቀይ ናቸው። በመርፌ ጫፍ ከጠርዙ ጥቂት ብነሳው ከሥሩ ጥቁር ቀለም ወጣ። ቀዩ ቅጠሉ ላይም ፈስሷል፤ ብሩሹን የያዘው ሰው ቀለም ቀቢ አልነበረም። ቀና ብዬ የቡና ቤቱን የመስኮት መዝጊያ አየሁት፤ ያው ቀይ። እትዬ ሳቁ። ባለቤታቸው ፍሬውን ያየው ቡና ነው ብሎ ነው። «የምን ጥቁር ቡና ነው፣ ቅርንጫፉ ላይ ተቆላ እንዴ?» ብሎ ከመስኮቱ የተረፈውን ቀለም ቀባው። ይህንን ስጽፍ አሁንም ፈገግ እላለሁ። ከቅጠሉ ጋር ሲያዩት በእርግጥም የደረሰ ቡና ይመስላል።

ከዚያ በኋላ ተሳሳትኩ። የስህተቴን ታሪክ ዘርዘር አድርጌ የምነግራችሁ፣ እኛ አገር የአሜሪካ ዕቃ የሚፈታ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ስለሚገባበት ነው።

የውስጡ አካል በሙሉ ከኋላ እንደ መሳቢያ ተስቦ ይወጣል። አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና መጀመሪያ ብሎኖቹን አየሁ። ራሳቸው ቀጥ ያለ ስንጥቅ ያለው ነው፤ ባለ መስቀል አንድም የለም። ይህ ጥሩ ምልክት ነው። ቀጥዬ አንዱን ፈታሁና በጥርሶቹ መካከል ያለውን ርቀት በመለኪያ ምላሴ ለካሁ። መለኪያዬ በሚሊ ሜትር ነው። ባለ 0.8 ምላስ ልክ እንደ ቁልፍ ገጠመ። ሁለተኛውን ፈታሁ፤ 0.8። ሦስተኛውም 0.8። ባለ 5 ሚሊ ሜትር ብሎን ጥርሱ 0.8 ነው፤ መርካቶ በኪሎ የሚሸጠው። አሜሪካ በኢንች ነው የምትሠራው። ስለዚህ ብሎኖቹ በሙሉ እዚህ የተቀየሩ ናቸው፣ ስለዚህም ማሽኑ አንድ ጊዜ እስከ አጥንቱ ተፈትቷል ብዬ ደመደምኩ። መደምደሜ ሳያንስ ለልጁም ነገርኩት፤ ልጁም በዚያው ምሽት ለገዢው ጻፈ።

ሌሊት ደብረ ብርሃን ተመልሼ አልጋዬ ላይ ሆኜ አንድ ነገር ከነከነኝ። ሁሉም ብሎን ከተቀየረ በብሎኖቹ ራስ ዙሪያ ያ ያልተሰበረ የዝገት ቀለበት ከየት መጣ? የስንጥቆቹስ ከንፈር ለምን አልተላጠም? ካቻቢቴ ደጋግሞ የገባበት ብሎን ከንፈሩ ይገለበጣል፤ የእነዚህ ግን ስለታም ነበር። በማግስቱ ማይክሮሜትር ይዤ ጣርማ በርን ወረድኩ። የጥርሱን ርቀት ትቼ የብሎኑን ውፍረት ለካሁ። 5 ሚሊ ሜትር አይደለም፤ 4.8 ነው። አሜሪካኖች «10-32» የሚሉት ብሎን ነው፤ በአንድ ኢንች 32 ጥርስ። 25.4ን ለ32 ብናካፍለው 0.79 ይመጣል። በ0.79 እና በ0.8 መካከል ያለውን ልዩነት የእኔ መለኪያ ምላስ፣ በዚያ አጭር ብሎን ላይ፣ ሊያሳይ አይችልም። የሚያጋልጠው ውፍረቱ ብቻ ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ ባለ 5 ሚሊ ሜትሩ ብሎን ወደ አሜሪካው ቀዳዳ እየተጨናነቀ ጭምር ይገባል፤ የገባበትንም ጥርስ ያበላሻል። እኔው ራሴ ስንት የስፌት መኪና ላይ ይህን እንዳደረግሁ እግዜር ይወቀው።

በማይክሮሜትር ሁሉንም ስሄድባቸው ከውስጡ ብሎኖች እውነተኛ ባለ 5 ሚሊ ሜትር የሆኑት አራት ብቻ ናቸው። አራቱም ያሉት አንድ ቦታ፣ የገንዘብ ቱቦውን በያዘው ላሜራ ላይ ነው። እንግዲህ ማሽኑ አልተበተነም። አንድ ሰው በአንድ ቦታ ገብቶ በዚያው ወጥቷል። ለገዢው ማስተባበያ አስጻፍኩ፤ ደስ የሚል ደብዳቤ አልነበረም።

ቁጥሮቹ አላስቸገሩም። ከሳጥኑ ወለል ፊት ለፊት እንጨቱ ላይ የተመታው ቁጥርና በውስጡ አካል ብረት ላይ የተመታው አንድ ናቸው፤ አኃዞቹም በአንድ ዓይነት ማህተም የተመቱ ናቸው። የግራው እንጨት ከቀኙ ፈዘዝ ያለ ነው፤ መስኮቱ በዚያ በኩል ስለነበር ፀሐይ በልታዋለች። የወለሉ የኋላ ግማሽ ግን ሌላ እንጨት ነው። ጠርዙን በቢላዋ ጫር ሳደርገው የጥድ ሽታ ጓዳውን ሞላው። ቺካጎ ላይ በጥድ አልሠሩም፤ የወፍ ዋሻ ጫካ ግን ከደብረ ሲና ቅርብ ነው። የእጀታው ጉልላትም የኤንትሬ ማርሽ እጀታ ጫፍ ነው፤ የማርሾቹ ቁጥሮች እስከ ዛሬ ይነበባሉ። ሾፌሩ ከሒሳቡ ላይ የመረቀው መሆን አለበት።

ከጥዱ ወለልና ከአሮጌው እንጨት መጋጠሚያ ሥር፣ በደረቀ ቅባት ተጣብቆ፣ አንድ ሳንቲም አገኘሁ። የአሜሪካ 25 ሳንቲም ነው፣ በላዩ 1967 የሚል። ጠርዙ ላይ የመዳብ መስመር አለው፤ አሜሪካ ከ1965 ጀምሮ ብሩን ትታ መዳብ በኒኬል መሸፈን ስለጀመረች። እንግዲህ ማሽኑ ቢያንስ እስከዚያ ዓመት በአሜሪካ ገንዘብ ሲሠራ ነበር። የሾፌሩ ታሪክ ከአፉ ሌላ ምስክር አገኘ።

አሁን የገንዘብ መቀበያው። ይህ ነው እውነተኛው ሥራ የተሠራበት ቦታ።

የአሜሪካ 25 ሳንቲም ስፋቱ 24.26 ሚሊ ሜትር ነው። እትዬ እንደሚሉት ማሽኑ መጥቶ ዓመታት ያለ ሥራ ተቀምጧል፤ የእኛ ገንዘብ አልገባለትም። የጃንሆይ ስሙኒ ጠርዙ ሞገዳም ነው። በመጀመሪያ ክብ ሆኖ ወጥቶ ነበር፤ ሰዎች ብር እየቀቡ እንደ ሽልንግ ስላሳለፉት ነው ጠርዙን የቆረጡለት። (ገንዘብን ማሻሻልም ያረጀ ሙያ ነው።) የብሩን ሽልንግ ደግሞ ከመቀነቱ ፈትቶ ለማሽን የሚሰጥ ሰው የለም። ነገሩ የተለወጠው የደርግ አዲሱ ሽልንግ፣ 1969 ዓ.ም. የሚል የታተመበት፣ ሲወጣ ነው። ክብ ነው፣ በየእጁ አለ፣ ስፋቱም 25 ሚሊ ሜትር ነው። ከአሜሪካው የሚበልጠው በ0.74 ነው፤ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነገር ነው የቀረው።

ያንን ያስተካከሉት በብርድ ልብስ ፋብሪካ ይሠሩ የነበሩ አንድ የባለቤታቸው ወዳጅ ናቸው፤ አሁን በሕይወት የሉም። እጃቸውን ግን እያየሁት ነበር። በፋብሪካ በማተሚያ የተበሳ ላሜራ ቀዳዳው ሁለት ዓይነት ግድግዳ አለው፦ ስለቱ የገባበት ወገን የሚያበራ ልስልስ ቀለበት፣ የወጣበት ወገን ደግሞ የተቀደደ ሻካራ። የሚከፍሉት ስላይዶች፣ ማለትም የዕጣውን ሳንቲሞች አቅፈው የሚጥሉት ተንሸራታች ላሜራዎች፣ ቀዳዳቸው ይህ ምልክት የለውም። በምትኩ ከላይ ወደ ታች የወረደ የክብ ሞረድ ጭረት አለ፣ ጎን ለጎን፣ በእኩል ግፊት። እኒያ ሰው ትዕግሥት ነበራቸው። አንድም ቀዳዳ ወደ አንድ ወገን አላጋደለም። የሳንቲም መግቢያው አፍም ሁለቱም ጉንጩ እኩል ነው የተሞረደው። ቱቦው ግን ሊሰፋ ስለማይችል አዲስ ሠርተውለታል፤ ከሞተር ዘይት ቆርቆሮ ጠቅልለው በስታኞ በይደው። በባትሪ ወደ ውስጡ ሳይ የዘይቱ ማስታወቂያ ፊደላት ተገልብጠው ይታያሉ።

ሁለት ዓይነት የመበላት ምልክት ጎን ለጎን ያየሁትም እዚህ ነው። ሳንቲሞች ከመስታወቱ ኋላ ተሰልፈው የሚራመዱበት ሐዲድ ጥፍር የሚያስገባ ቦይ ሆኖ ተበልቷል። ከእሱ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ያለው የተሞረደው አፍ ግን ጭረቱ እስከ ዛሬ ጣት ይቆረቁራል። ያ ሁሉ ሳንቲም በዚህ በተሞረደው አፍ ቢያልፍ ኖሮ ጭረቱ ድሮ ልሶ ነበር። ስለዚህ የማሽኑ የሥራ ዘመን አብዛኛው ያለፈው ከሞረዱ በፊት ነው። እትዬን በሽልንግ ስንት ጊዜ እንደሠራ ስጠይቃቸው «ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ከዚያ የቀበሌ ሰዎች መጥተው አስቆሙት» አሉኝ። ከብረቱ ጋር አልተጣሉም።

የመዘውሮቹ የወረቀት ሥዕሎች የድሮዎቹ ናቸው። ማሽኑ ሲቆም መስኮቱ ላይ የነበሩት ሦስት ሥዕሎች በፀሐይ ነጥተው ገርጥተዋል፤ የቀሩት ትናንት የታተሙ ይመስላሉ። ከዝምታው ዘመን በፊት እዚያው ነበሩ ማለት ነው።

ትልቁን ዕጣ የሚሰጠው ሦስቱም መዘውሮች ላይ «ባር» የሚባለው ጥቁር አራት ማዕዘን ሲሰለፍ ነው። የደብረ ሲና ሰው «ታርጋ» ይለው ነበር። ቆጠርኩ፦ መጀመሪያው መዘውር ላይ ሁለት ታርጋ፣ ሁለተኛው ላይ ሦስት፣ ሦስተኛው ላይ አንድ። ሁለት በሦስት በአንድ ስድስት ነው፤ ከ8,000 ስድስት። በጣም ጠባብ ነው፣ ግን በሦስት ዓመት ውስጥ ለአንድ ሰው እንኳ መድረስ ነበረበት። ሦስተኛውን መዘውር በእጄ እያዞርኩ ክንዱን ብጥለው በሎሚው ላይ ይቆማል፣ በደወሉ ይቆማል፣ በፕሪሙ ይቆማል። ታርጋው ላይ ሲደርስ አንሸራቶ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ሞላው ደክሞ መስሎኝ ሞላውን ያዝኩት። አሁንም አለፈ።

መነጽሬን ጨምሬ በባትሪ አየሁ። ከታርጋው አንጻር ያለው ጎድጓዳ አፉ ላይ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላት፣ ከጥፍር የማትበልጥ የብረት ቁራጭ በአንዲት ትንሽ ብሎን ተይዛለች። ክንዱ ወደ ጎድጓዳው እንዳይገባ እንደ ድልድይ ታሻግረዋለች። ኋላ ገዢውን ስንጠይቀው አሜሪካ ውስጥ ማሽን የሚያከራዩ ሰዎች ያደርጉት የነበረ የታወቀ ማጭበርበሪያ መሆኑን ነገረን፤ እነሱም «ትኋን» ይሏታል። ከስድስት ዕድል ስድስቱም ዜሮ።

እትዬ ከኋላዬ ቆመው ነበር። ምንም አላሉም። የልጅ ልጃቸው «ታዲያ አያቴ...» ብሎ አቋረጠ።

የቀረው ጥያቄ ትኋኗ መቼ ገባች ነው። እንደ ሰዓት ጠጋኝ እዚህ ላይ ብቻ ትንሽ ልኩራ። ብሎኗን ከመንካቴ በፊት ዙሪያዋን አየሁ፤ የደረቀው ቅባት ከመዘውሩ ወደ ትኋኗ ሳይሰበር ዘልቋል። ፈታኋትና ከሥሯ ያለውን ጎድጓዳ ከጎረቤቶቹ ጋር አነጻጸርኩ። 19ኙ ጎድጓዳዎች ከንፈራቸው ክንዱ ሲመታው ኖሮ ክብ ሆኗል፣ ያበራል። ይህኛው ግን ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፤ ጠርዙ ስለት ነው፣ ጣቴን ቧጠጠኝ። የመጀመሪያው ጥቁር ሽፋን እንኳ አልተነካም። ቃኘውም ይሁን ሌላ ቦታ፣ የአሜሪካ ሳንቲሞች ያንን ቦይ ሲቆፍሩ በነበሩባቸው ዓመታት ሁሉ ይህ ጎድጓዳ ተዘግቶ ነበር። ትኋኗ ደብረ ሲና ውስጥ ብትገባ ኖሮ ይህም እንደ ወንድሞቹ ተበልቶ ነው የምናገኘው።

ይህንን ለእትዬ ሁለት ጊዜ አስረዳኋቸው። ሁለተኛው ጊዜ ጣታቸውን ይዤ መጀመሪያ በተበላው፣ ከዚያ ባልተበላው ላይ አስዳሰስኳቸው። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጣታቸው ግን አርባ ዓመት እንጀራ ሲጋግር የኖረ ጣት ነው፤ ወዲያው ለየው። «ይኼኛው ስለት ነው» አሉ።

ለገዢው የጻፍነው ዝርዝር አጭር ነው። ፊቱ፣ የውስጡ አካል፣ ጎኖቹና መዘውሮቹ ከነወረቀታቸው ከፋብሪካው ናቸው። ቱቦው፣ የወለሉ ግማሽ፣ የእጀታው ጉልላትና አራቱ ብሎኖች የእኛ ናቸው። መቀበያው አፍና ስላይዶቹ ተሞርደዋል። ቀለሙ የመስኮት ቀለም ነው። ትኋኗ አሜሪካዊት ናት። እሱም ሞረዱ ዋጋውን በግማሽ እንደሚያወርደው፣ ትኋኗን ግን በጣም እንደሚፈልጋት ጻፈ፤ ቱቦውን በራሱ ወጪ ሊቀይርና ቀዩን ሊያስለቅቅ አሰበ። ድርድሩ ገና አላለቀም። እትዬ ስለ ዋጋው ምንም አይሉም፤ «ቡናውን እንዳይነካ» ብቻ ነው የሚሉት። እኔም ብጠየቅ ያንን ቱቦ አልጥልም። እንዲህ ያለ እጅ ዛሬ ብፈልግ የት አገኛለሁ?

በሚቀጥለው እሑድ እትዬ ያንን ጎረቤት አስጠሩት። እኔም ነበርኩ። ሽማግሌው ከዘራውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ጎንበስ አለና፣ እትዬ እንዳስዳሰስኳቸው አድርገው ጣቱን ያዙት። የተበላውን ዳሰሰ፣ ያልተበላውን ዳሰሰ፣ በክብሪት ቀፎ ውስጥ የተቀመጠችውን ትኋን አየ። እኔም የቅባቱን፣ የቦዩን፣ የሞረዱን ነገር አንድ በአንድ ነገርኩት። ረጅም ጊዜ ዝም አለ።

«እንግዲያው ሳያውቅ ነው የበላኝ?»

«ሳያውቅ ነው» አሉ እትዬ።

«እኔ ደግሞ አውቆ ነው ብዬ ነበር የማደንቀው» አለና ከዘራውን አነሳ።